በገጹ ላይ ያልነበረው ጠቋሚ

በጥር ወር 1979 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወሰን ሠፈር ባለው በአብዱልናስር ሱቅ ጓዳ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበሩ። ባለሱቁ አብዱልናስር፣ እህቱ ፋዲላ፣ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ዘርትሁን፣ የጭነት መኪና ረዳት የሆነው ሳልህ፣ በያጁ ነገሳና አንባቢያቸው ኢታና። ሰኞ ጠዋት ኢታና ሞቶ ተገኘ።

ያገኙት ጭራሮ ሊለቅሙ የወጡ ሴቶች ናቸው። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ፣ ጎርፍ የቦረቦረው ጥልቅ ገደል አለ። የኢታና የቤቱ መንገድ በዚያው ያልፋል። ኢታና ከገደሉ ሥር በአፍጢሙ ተደፍቶ ነበር። የመቶ አለቃ ተክለጻድቅ ከፖሊስ ጣቢያ ሲደርስ ሴቶቹ ሸክማቸውን እዚያው ጥለው ሄደዋል። ጭጋጉ ገና ከዛፎቹ መካከል አልወጣም።

መቶ አለቃው ቀጭንና ዝምተኛ ሰው ነው። ሬሳውን ከመንካቱ በፊት ብዙ ቆሞ አየው። ማጅራቱ ላይ ጠባብና ቀጥ ያለ ቁስል አለ፤ ድንጋይ እንዲህ አያቆስልም፣ የብረት ዘንግ እንጂ። የእጅ ሰዓቱ ከእጁ አልወለቀም፤ ኪሱም አልተፈተሸም። በትከሻው ባንጠለጠላት የሸራ ቦርሳ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ ባለሥዕል የእንግሊዝኛ መጽሔት ተገኘ። ሽፋኑ ላይ ቀይ ካባ የለበሰ ወጣት ከሕንጻዎች በላይ ይበራል። ከራሱ በላይ ትልቅ «1» ታትሟል።

ተክለጻድቅ መጽሔቱን ገጽ በገጽ አገላበጠው። ከመካከል አንድ ሉህ ጎድሏል፤ የተቀደደ ነገር ግን የለም። መጽሔቱን የሚይዙት ሁለት ሽቦዎች እግራቸው ቀንቶ፣ ሉሁ ከወጣ በኋላ እንደገና ታጥፈዋል።

«ሰው ገደለ፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ሽቦ አቀና» አለ አብሮት ለነበረው ፖሊስ።

ፖሊሱ ዞር ብሎ ዛፎቹን አየ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ጉዳዩ ያለቀለት ነው ብሎ ነበር የጠበቀው። እሑድ ዕለት ሳልህ በኢታና ላይ ሲጮህና ገደል እንደሚከተው ሲዝት መንገድ ላይ የነበረ ሁሉ ሰምቷል። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ሳልህን ሰኞ ረፋድ ላይ ይዘው የቀበሌው እስር ቤት አስገብተውታል። ሐሙስ ጠዋት ለብሔራዊ ውትድርና ምልምሎችን የሚጭን መኪና ስለሚመጣ፣ እሱም አብሮ ይሄዳል።

«ነፍሰ ገዳይ ነው ካልከኝ ፍርድ ቤት ይቅረብ» አለ ተክለጻድቅ።

«ጓድ መቶ አለቃ፣ ፍርድ ቤት ከማጣበብ ግንባር ላይ ለአብዮቱ ቢጠቅም አይሻልም?»

ሊቀመንበሩ ይህን ሲል ፈገግ አላለም። ስለ መጽሔቱም ጠየቀ፤ የኢምፔሪያሊስት ጽሑፍ ስለሆነ ለቀበሌው እንዲሰጥ ፈለገ። ተክለጻድቅ ማስረጃ ነው ብሎ ከቦርሳው አላወጣውም።

ከቀበሌው በር ላይ የሳልህ እናት ወይዘሮ ዘሀራ በጨርቅ የታሰረ ሳህን ይዛ ተቀምጣለች። ጠባቂዎቹ ምግቡን አላስገቡላትም። መቶ አለቃው ሲወጣ አልተነሳችም፤ ቀና ብላ ብቻ አየችው።

«ልጄ ምላሱ ረጅም ነው» አለችው። «እጁ ግን ዶሮ አርዶ አያውቅም። ጎረቤት ለምኜ ነው የማሳርደው። ታላቁ እንዲሁ በመኪና ሄዶ አልተመለሰም። ይሄም ሐሙስ ከሄደ አይመለስም።»

«እናቴ፣ ሐሙስ ገና ነው» አላት።

«ለእናንተ ገና ይሆናል።»

ሳህኑን ተቀብሏት ራሱ ይዞት ገባ።

ሳልህን በጠባቡ ክፍል ውስጥ ከግድግዳው ተጣብቆ አገኘው። ዓይኑ ሥር አብጧል። መቶ አለቃው ስለ ኢታና አልጠየቀውም። መጽሔቱን አወጣና ሽፋኑ ላይ ስላለው ባለካባ ምን እንደሚያስብ ጠየቀው። ሳልህ መጀመሪያ የሚቀለድበት መስሎት ፊቱን አዞረ። አንዴ ማውራት ከጀመረ ግን ሊያቆም አልቻለም።

ባለካባው የእነሱ ሰው ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ሌላ ቢሆንም እነሱ ያወጡለት ስም ይህ ነው። የውጭ አገር ሰዎች አገር ሲለቁ ከሚሸጡት ዕቃ ጋር መጽሔቶቹ ይመጣሉ፤ አብዱልናስር ይገዛቸዋል፤ እሑድ እሑድ ኢታና በአማርኛ ያነብላቸዋል። ከእሱ በቀር እንግሊዝኛ የሚያነብ የለም። አሁን ግን አሳታሚዎቹ የድሮውን ታሪክ ሰርዘው እንደገና ከቁጥር አንድ ጀመሩ።

«ያኛው ሃያ ዓመት ተዋግቷል» አለ ሳልህ። «ጓደኞቹን ቀብሯል፣ ጸጉሩ ሸብቷል። አሁን መጡና ያ ሁሉ አልነበረም አሉን። እንዴት አልነበረም? እኔ አውቃለሁ፤ ነበር።»

ከበሩ ውጪ ያለው ጠባቂ እግሩን አነሳና ጣለ። ሳልህ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የዛተው ግን ለዚህ እንዳልሆነ ነገረው። ኢታና አንድ ገጽ ካነበበ በኋላ መጽሔቱን ከፍ አድርጎ ሥዕሉን ያሳያቸዋል፤ ልማዱ ይህ ነው። እሑድ ዕለት ግን ባለካባው እራት ከሚበላበት ሥዕል ቀጥሎ፣ ድልድይ ላይ ባቡር ከሚያቆምበት ሥዕል በፊት ያለውን ገጽ አነበበና ሳያሳያቸው መጽሔቱን ደረቱ ላይ ለጠፈው። ያነበበው ስለ አንድ ጠቋሚ ነበር። ወታደሮች ሰዎችን ደርድረዋል። ጠቋሚው ጭንቅላቱ ላይ ጆንያ አጥልቆ መኪና ውስጥ ተቀምጧል። ጣቱን ወደ አንድ ሰው ቀስሮ ካስወሰደው በኋላ ጆንያውን ትንሽ ገለጥ ያደርግና በእጅ አንጓው ጀርባ ዓይኑን ይጠርጋል።

«ከባለካባው ጋር ምንም አይሄድም። ሥዕሉን አሳየን ስለው፣ ይሄኛው ሥዕል አይታይም አለኝ። ያን ጊዜ ነው ገደል እከትሃለሁ ያልኩት። እኔ በቀን ስንት ሰው ገደል እከታለሁ፤ እናቴን ይጠይቋት።»

ተክለጻድቅ ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደ። አብዱልናስር መደርደሪያውን እንደማስተካከል እያለ ሲመልስለት፣ ፋዲላ ከጓዳው በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የቤቱ ሕግ ጥብቅ ነው። መጽሔት ከመንካት በፊት እጅ ይታጠባል፤ ጥግ አይታጠፍም፤ ሳልህ ደግሞ ጭራሽ አይነካም፤ ሲገልጥ ይቀድዳል። ቤቱ ይዞ መሄድ የሚፈቀድለት አንባቢው ኢታና ብቻ ነው። ሽቦው የላላ ካለ አብዱልናስር ወይም ነገሳ አቅንተው ያጠብቁታል።

አብዱልናስር አዲሱን ባለካባ ወዶታል። የድሮውን ያላወቀ ሰው ከመጀመሪያው አብሮ መነሳት ይችላል ብሎ ነው። ፋዲላ በበኩሏ በታሪኩ ውስጥ ያለችውን ጋዜጠኛ ወዳለች፤ በድሮው ታሪክ ታለቅስ የነበረችው ሴት በአዲሱ ሰው ታስለቅሳለች። ስለ ጠቋሚው ሲነሳ ግን አብዱልናስር እጁን ከመደርደሪያው ላይ አነሳ።

«ወላሂ፣ የእኛን ነገር ለፈረንጆቹ ማን ነገራቸው ብዬ ገረመኝ» አለ።

ታላቅ ወንድማቸው ሁሴን በ1970 ዓ.ም. ከዚሁ ሱቅ ደጃፍ ነው የተወሰደው። የሠፈሩን ወንዶች አሰልፈው፣ ጆንያ ያጠለቀ ሰው ከመኪና ውስጥ ጠቆመው። ኢታና በዚያ ሰልፍ ላይ ከሁሴን ጎን ቆሞ ነበር። መጽሔት መሰብሰብ የጀመረው ሁሴን ነው፤ እሱ ከሄደ በኋላ ጓደኞቹ እሑድ መምጣታቸውን አላቆሙም። ነገሳ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሁሴን ጓደኛ ነበር። እስከ ዛሬ እሑድ ምሳውን የሚበላው እዚህ ነው።

ፋዲላ ያን ገጽ ስትሰማ ጓዳውን ጥላ ወጥታ ነበር። አሁን መቶ አለቃውን እስከ በሩ ሸኘችውና ከነጠላዋ ሥር አንድ ነገር አወጣች። ያው ቁጥር አንድ ነው፤ ላስቲኩ ገና አልተከፈተም።

«አብዱልናስር ሁለት ካገኘ አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ለማስቀመጥ ነው» አለችው። «ከእኔና ከሱ ሌላ ማንም አያውቅም። ሳልህ ቢሰማ ቤታችንን ያፈርሰዋል። ይመልሱልኛል አይደል?»

ተክለጻድቅ እንግሊዝኛ ቀስ ብሎም ቢሆን ያነባል። ጣቢያው ገብቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ደግሞ አነበበው።

ማክሰኞ ዘርትሁንን አውቶቡስ መነሻው ላይ አገኘው። ሹፌሩ መሪውን ተደግፎ ነበር ያናገረው። እሑድ ከንባቡ ቀጥታ ወደ ሥራ ገብቶ እስኪመሽ ሰው ሲያመላልስ እንደነበር ገንዘብ ተቀባዩም መሰከረለት። አዲሱን ባለካባ አልወደደውም፤ የድሮውንም ያን ያህል አይደለም። የሚመጣው ለጨዋታው ነው።

«ግን መቶ አለቃ፣ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ጠቋሚ ምን ይሠራል?» አለ። «እኛ እሑድን እዚያ የምናሳልፈው ይህን ላለማሰብ አይደለም እንዴ?»

ነገሳን ያገኘው በጋራዡ ግቢ ውስጥ የበር ብረት ሲበይድ ነው። ብርድ ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የቆርቆሮውን አጥር ያንቀጫቅጫል። ነገሳ በአንድ እጁ መበየጃውን፣ በሌላው ቁራጭ ጥቁር መስታወት ይዞ በእሷ አሻግሮ ያያል። የፊት መከለያው ከኋላው በምስማር ተሰቅሏል። ዓይኖቹ ቀልተው እንባ ያፈሳሉ። እጁ ጥላሸት ስለሆነ በእጅ አንጓው ጀርባ ይጠርጋቸዋል።

«መከለያህን ለምን አታደርግም?» አለው ተክለጻድቅ።

«ይሞቃል።»

መቶ አለቃው የኮቱን አንገትጌ ከፍ አደረገና ስለ አዲሱ ባለካባ ጠየቀው። ነገሳ ፊቱ በራ። እንደሱ የሚያስታውስ አልነበረም። የካባውን ጠርዝ ስፌት፣ ጀግናው ከእናቱና ከአባቱ ጋር እራት ሲበላ ሳህኑ ላይ የነበረውን፣ ድልድዩ ላይ ባቡሩን በስንት ጣቱ እንዳቆመው ሁሉ ነገረው።

«እኔ የወደድኩት ሁሉም ከአንድ መጀመሩን ነው» አለ። «ያለፈው ሁሉ ተሰረዘ። ማንም አያውቀውም፣ እሱም ማንንም አልበደለም። እንዲህ ቢሆን ማን ይጠላል?»

«ሳልህና ኢታና በምን ተጣሉ?»

«በካባው ቀለም። ሳልህ ግራጫው ይሻላል ብሎ።»

ነገሳ ጋሽ ኢታና ደግ ሰው እንደነበር ጨመረ። ባለፈው ሳምንት የቤቱን በር የበየደለት እሱ ነው፤ ኢታናም ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲያየው ነበር የዋለው። ይህን ብሎ መስታወቱን ወደ ዓይኑ መለሰ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ተክለጻድቅ ሁሉንም በሱቁ ጓዳ ሰበሰበ። ሳልህን ጠባቂ ይዞት መጣ፤ እናቱ ከጎኑ ተቀመጠች። ሊቀመንበሩ አልተጠራም ነበር፤ ሆኖም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የኢታና በርጩማ በመስኮቱ አጠገብ ባዶዋን ነበረች፤ ማንም አልተቀመጠባትም።

«ነገ ጠዋት መኪና ስለሚመጣ አላስረዝምም» አለ መቶ አለቃው። «ኢታናን የገደለው ሰው አንድ ሉህ ብቻ ወሰደ። በሉሁ ላይ የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው። የወሰደበትን ሁኔታ ደግሞ እዩ። ሰው ገደል የወረወረ እጅ መጽሔቱን ለመቅደድ አልጨከነም። ሽቦውን አቅንቶ አወጣው፣ መልሶም አጠፈው።»

«እኔ ብሆን ገንጥዬው ነበር» አለ ሳልህ።

«ለዚህ አይደል የማላስነካህ?» አለ አብዱልናስር።

ዘሀራ የልጇን ክንድ ጨበጠች። ሊስቅ የጀመረም ሳቁን መልሶ ዋጠው።

«ስለ ሞቱ ብጠይቃችሁ ትጠነቀቁ ነበር» ሲል ቀጠለ ተክለጻድቅ። «ስለምትወዱት ነገር ስጠይቅ ግን ማንም አልተጠነቀቀም። በአዲሱ ባለካባ ሁለት ሰው እንኳን አይስማማም። ስለ ጠቋሚው ግን አራታችሁ አንድ ቃል ተናገራችሁ፤ ጠላችሁት፣ ከውስጣችሁም አልወጣም። አንድ ሰው ብቻ የካባውን ስፌት ሳይቀር ሲነግረኝ ጠቋሚውን አላነሳውም። ጠቡም በካባው ቀለም ነው አለኝ። በጠቋሚው ገጽ ምክንያት እንደነበር እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል።»

ዘርትሁን ብቻ ቀስ ብሎ ወደ ነገሳ ዞረ።

መቶ አለቃው ሁለተኛውን ቅጂ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ነገሳ ሲያየው ከንፈሩ ተላቀቀ።

«ይህ ያው ቁጥር ነው፤ ምንም አልጎደለበትም። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በውስጡ ጠቋሚ የለም። ጆንያ የለም፣ ሰልፍ የለም። ኢታና ያላሳያችሁ ገጽ ይኸውላችሁ።»

ገለጠላቸው። ገጹን ሞልቶት የነበረው የብስክሌት ማስታወቂያ ነው።

ፋዲላ ብዙ አየችው። «ታዲያ ያንን ከየት አመጣው?» አለች።

«ከዚህ ከሱቃችሁ ደጃፍ። ከሁሴን ጎን ቆሞ ያየውን ነው የነገራችሁ። ጠቋሚው ዓይኑን በእጅ አንጓው ጀርባ ሲጠርግ አይቷል፤ ፊቱን ግን አላየም። ባለፈው ሳምንት በሩን የሚበይድለት ሰው መከለያውን ገለጥ አድርጎ እንደዚያው ሲጠርግ አየ። እርግጠኛ አልነበረም። ስለዚህ በመጽሔቱ ውስጥ ያለ አስመስሎ አነበበና የእያንዳንዳችሁን ፊት ጠበቀ። እናንተ ገጹ ላይ የተጻፈ መሰላችሁ። ገዳዩም መሰለው። ሉሁን የወሰደው ለዚህ ነው።»

አብዱልናስርና ፋዲላ ያንኑ ሉህ ቤታቸው ውስጥ ስላላቸው መውሰዱ እንደማይጠቅማቸው፣ ዘርትሁን መሪው ላይ እንደነበር፣ ሳልህም ሽቦ የሚያቀና ሰው እንዳልሆነ አስረዳ። ከዚያ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠው። ፖሊሱ ከጋራዡ ያመጣውን የብየዳ መከለያ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አንድ በያጅ ዓይኑ እየተቃጠለ፣ በዚህ ብርድ፣ መከለያውን ግድግዳ ላይ ከሰቀለ ምክንያት አለው። ላብና ብልጭታ እንዲነካበት የማይፈልገው ነገር ውስጡ አለ።»

ከውስጥ በኩል ያለውን ቆዳ ገለጠ። ሉሁ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድም አዲስ እጥፋት ሳይኖረው ተዘርግቶ ነበር።

ነገሳ አልካደም። ድምፁ ለመስማት ያስቸግር ነበር።

«እንዲያሳየኝ ነው የተከተልኩት» አለ። «ጫካው ውስጥ ደረስኩበትና ጋሽ ኢታና ሥዕሉን አሳየኝ አልኩት። ሥዕሉን አንተ ታውቀዋለህ አለኝ። ጀርባውን ሰጥቶኝ መንገዱን ቀጠለ። በነጋታው ለእነ አብዱልናስር የሚነግር መሰለኝና በያዝኩት ብረት መታሁት። ስንት ሉህ እንደገለጠ ሲያነብ ቆጥሬ ነበር፤ በጨለማ በእጄ ቆጥሬ አወጣሁት፤ ቤቴ ገብቼ በመብራት ሳየው ብስክሌት ነው።»

«ታዲያ ለምን አላቃጠልከውም?» አለች ፋዲላ።

«ጀርባው ላይ እሱ አለ። ሲበር።»

ይህን ብሎ ዓይኑን በእጅ አንጓው ጀርባ ጠረገ።

አብዱልናስር ያን አየ። ዘጠኝ ዓመት ምሳ ሲያቀርብለት የኖረውን ሰው እጅ አየ። ከመቀመጫው ሲነሳ ወንበሩ ወደቀ፤ ዘርትሁንና ፖሊሱ ያዙት። ዘሀራ ልጇን ወደ ግድግዳው ስባ ሸፈነችው።

«ይዘውኝ ነበር» አለ ነገሳ፣ አብዱልናስርን ሳያይ። «አንድ ሰው ብቻ ጠቁም፣ ትለቀቃለህ አሉኝ። ሌላ ስም አልመጣልኝም።» ከዚያ ቀና ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ። «መኪናው ውስጥ ከጎኔ ማን እንደተቀመጠ ግን ጋሽ ኢታና አላወቀም።»

ሁሉም ዞሩ። ሊቀመንበሩ ቆሞበት በነበረው በር ላይ ማንም አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪናው ሳልህን ሳይዝ ሄደ። ነገሳ ዓርብ ሌሊት ከጣቢያው ተወስዶ ወዴት እንደደረሰ አልታወቀም። በወሩ መጨረሻ መቶ አለቃ ተክለጻድቅ ወደ ኦጋዴን ተዛወረ።